ሀቢብ የሰፋው ሙሉ ልብስ

ሀቢብን ከፊቱ ይልቅ በጀርባው አውቀዋለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ስንሠራ የእኔ ጠረጴዛ በሩ ጋ፣ የእሱ የስፌት መኪና መስኮቱ ጋ ነበር። እሱ ብርሃን ፍለጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ ስለሚያዞር፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የጎበጠ ትከሻውንና ከአንገቱ የማይወርደውን ሜትሩን ነው። ክፍሏ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከሜትሮ ባቡሩ ጣቢያ ሁለት ብሎክ ራቅ ብላ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ናት። በሯ ላይ የለጠፍነው ወረቀት «ፎርም እንሞላለን፣ ሱሪ እናሳጥራለን» ይላል። ፎርም የምሞላው እኔ ንጉሴ ነኝ። ታክስ፣ ግሪን ካርድ፣ የልደት ሰርተፊኬት ትርጉም፣ አሜሪካ የምትጠይቀውን ወረቀት ሁሉ እሠራለሁ። ሱሪው የሀቢብ ነው።

ከሁለታችን ነገር አዋቂው እኔ እንደሆንኩ ለአንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ያን እምነቴን ስላፈረሰው ሙሉ ልብስ ልነግራችሁ ብዬ ነው።

ሀቢብ ልብስ መስፋት የተማረው መርካቶ፣ ጋሽ አለማየሁ የሚባሉ ባለሙያ ዘንድ ነው። ጋሽ አለማየሁ ክርስቲያን፣ ሀቢብ እስላም። ረመዳን ሲገባ ሰውየው ምሳቸውን ጓዳ ገብተው ይበሉ ነበር አሉ፣ ተማሪያቸው እንዳይጎመጅ። ሀቢብ በሃያ ዓመቱ ኮት በዓይኑ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ሆኖ ነበር። በፈረንጆቹ 1998 ዲቪ ደርሶት መጣና ሄርንደን ውስጥ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ተቀጥሮ ስድስት ዓመት ሱሪ አሳጠረ። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ሱሪ ማሳጠሩን ቀጠለ። እዚህ አገር ሰው ልብሱን ተሰፍቶ ያለቀ ይገዛና እግሩን ብቻ ያስቆርጣል። «አሜሪካ ከገባሁ ከወገብ በላይ ወጥቼ አላውቅም» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ሲሰናበት ጋሽ አለማየሁ የሰጡት ትልቅ መቀስ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ይኖራል። ለሱሪ እግር አያወጣውም። አንድ ቀን ሌላው መቀስ ደንዞበት ሲበሳጭ አይቼ፣ «ምናለ ያንን ብታወጣው?» ብለው «እሱ የኮት ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ዓብዩ ወደ ክፍላችን የገባው በ2008 ነው፤ የገባውም በጎኑ ነው፣ በሩ ፊት ለፊት አላስገባው ብሎ። ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናቱ አሰፋሽ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጇን ያሳደገችው ብቻዋን ነው። ሁለት ባቡር ቀይራ እኛ ጋ ድረስ ያመጣት የልጇ ጭን ነበር።

«ጋሽ ሀቢብ፣ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ወገቡ ልክ ሲሆን ጭኑ ይተረተራል፣ ጭኑ ልክ ሲሆን ወገቡ ይወርዳል» አለች።

ሀቢብ ልጁን ዞሮ አየው። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥቶ ለካው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዓብዩን ሱሪ ሁሉ የሚያሰፋው እሱ ሆነ።

ልጁ ፉትቦል ይጫወታል። ያንን የአሜሪካኖቹን፣ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን። የዓብዩ ድርሻ ግን ኳስ መያዝ አይደለም፤ ከፊት ተደርድሮ፣ ኳስ የያዘውን ልጅ ሊጥሉ የሚመጡትን መግፋት ነው። «ዘበኛ በለው» ብዬ ለሀቢብ አስረዳሁት። «እንዲያ ከሆነ ደግ ሥራ ነው» አለኝ።

በደጉ ሥራ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ። ከየኮሌጁ ኮቾች አሌክሳንድሪያ ድረስ እየመጡ አሰፋሽ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። በየካቲት 2011 ልጁ ከእኛ ሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ የሚርቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ መረጠና ፈረመ። ወረቀቱን አንብቤ ለአሰፋሽ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ፤ ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ፣ ሁሉም ተከፍሎለታል። ሁለት ጊዜ እንዳነበው አደረገችኝ። ከዚያ እንባዋን በመሐረብ ጠርጋ፣ «እንግዲህ አንዱን ሥራዬን ልተወው ነው» አለች። ሁለት ሥራ እንደነበራት እንኳን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም።

ሀቢብ ያን ሰሞን ቁጭ ብሎ መስፋት አቃተው። «ንጉሴ፣ ይሄ ልጅ ሲጫወት ማየት አለብኝ፣ ቲኬት ቁረጥልኝ» አለኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ፈለግኩ። ቲኬቱ ውድ ነበር። ግን ከሥሩ ሌላ ሣጥን አለ፤ ሃምሳ ዶላር ከፍለህ የቡድኑ ደጋፊዎች ማኅበር አባል ከሆንክ ቲኬቱ ይረክሳል፣ ቆብና መኪና ላይ የሚለጠፍ ስቲከርም ይልኩልሃል። እኔ ቅናሽ ያየሁበት ሣጥን ላይ ሁሉ ምልክት የማደርግ ሰው ነኝ። አደረግኩ። ሀቢብ መኪና ስለሌለው ስቲከሩን የስፌት መኪናው ላይ ለጠፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያቺን ሣጥን ስነካ ሞኙም ወረቀቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን።

ግንቦት ላይ አሰፋሽ አንድ ኮት ይዛ መጣች። ቡድኑ ለጨዋታ ሲጓዝ ተጫዋቾቹ ሙሉ ልብስና ከረባት ግዴታቸው ነው። ከሞል የገዛችው ኮት ትከሻው ላይ ልክ ሲሆን እጅጌው የልጁን ጣት ዋጠ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ድንኳን ሆነ።

«ያሳጥሩልናል ጋሼ?» አለ ዓብዩ። «ኢት ኢዝ ኦኬይ፣ ብዙም ፐርፌክት መሆን የለበትም።»

ሀቢብ ኮቱን ከትከሻው ላይ አውልቆ አጣጥፎ ለአሰፋሽ መለሰላት። «መልሺው፣ ብርሽን ተቀበዪ» አላት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ቀዩን ጨርቅ አወጣ።

አሰፋሽ ሲገባት ቦርሳዋን ከፈተች። ሀቢብ ብሩን ሲያይ እንደተሰደበ ሰው ቀላ። «ጋሽ አለማየሁ ያሳደጉኝ እንዲህ አይደለም። የልጅ የመጀመሪያ ሙሉ ልብስ በምርቃት ይለበሳል፣ ሁለተኛው በዋጋ። ይሄ መጀመሪያው ነው።» እሷ ኪሱ ውስጥ ልትከት ስትታገል፣ እሱ ቦርሳዋ ውስጥ መልሶ ሊወሽቅ ሲታገል፣ አንድ ደንበኛዬ ጠብ የተነሳ መስሎት ፎርሙን ትቶ ብድግ አለ። ያሸነፈው ሀቢብ ነው።

ስድስት ሳምንት ሰፋው። ጨርቁን ከራሱ ኪስ ገዛ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ። ሊዘጋ የተቃረበ የጨርቅ መደብር ውስጥ አግኝቶ ሲያመጣው ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነበር ያቀፈው። ደረቱ ውስጥ የሚገባውን ደረቅ ሸራ በመኪና አልሰፋውም፣ ነጥብ በነጥብ በእጁ ነው የያዘው። ለልኬት ሦስት ጊዜ ልጁን አስመጣው። እየለካ ያወራል፣ ሳይሰስት፤ ስለ መርካቶ፣ ስለ ጋሽ አለማየሁ፣ እንዲህ ያለ ልብስ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚያወጣ። አብረን በሠራንባቸው ሰባት ዓመታት ከወገብ በላይ ሲወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጀርባው ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዓብዩ ከሃይስኩል ሲመረቅ ለበሰው። ያ ሁሉ አካል ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳይሸበሸብ ቆመ። ልጁ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሀቢብን ጉልበት ሊስም ሲል ሀቢብ ትከሻውን ያዘና ቀና አደረገው፣ ኮቱ እንዳይጨማደድ። «በጤና ቅደደው» ብሎ መረቀው።

ነገሩ የፈነዳው ነሐሴ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ከተማ ጋዜጣ ስለ አዲሶቹ ተጫዋቾች ሲጽፍ፣ ሦስት መቶ ሃያ ፓውንድ የሚመዝን ልጅ እንዲህ ልክ የሆነ ልብስ ከየት አገኘህ ብሎ ዓብዩን ጠየቀው። ልጁ እውነቱን ተናገረ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጋሽ ሀቢብ የሚባል ልብስ ሰፊ በስጦታ ሰፋልኝ አለ። ከነፎቶው ወጣ። ሀቢብ ጋዜጣውን ዐሥር ኮፒ አስወጥቶ ለሱሪ ደንበኛ ሁሉ አደለ።

በሳምንቱ አሰፋሽ ኮል አደረገችልኝ። «ጋሽ ንጉሴ፣ ዓብዩን ከልምምድ አስወጡት። ስለ ልብሱ ነው ይላሉ። ኮምፕላያንስ የሚባል ደንብ ተቆጣጣሪ ኦፊስ አለ፣ ጋሽ ሀቢብን ማነጋገር እንፈልጋለን አሉ። እባክዎ፣ ምን አጥፍተን ነው?»

ፈልጌ አነበብኩ። የኮሌጅ ስፖርት ደንብ እንዲህ ይላል፤ የቡድኑ ደጋፊ ማኅበር አባል ለተጫዋች ምንም ነገር በነፃ መስጠት አይችልም፣ ልብስም ቢሆን፣ ምሳም ቢሆን፣ በመኪና መሸኘትም ቢሆን። ሀብታም ደጋፊ ልጆቹን በስጦታ እንዳይገዛ የወጣ ደንብ ነው። ሀቢብ ደግሞ በወረቀት ደጋፊ ነው። ስሙ መዝገባቸው ውስጥ አለ፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ በእኔ እጅ ተሞልቶ።

ቅጣቱ በዋጋው ልክ ነው። የስጦታው ዋጋ ከመቶ ዶላር በታች ከሆነ ልጁ ያንኑ ለበጎ አድራጎት ይከፍልና በማግሥቱ ይጫወታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጨዋታ ይቀጣል፣ ዋጋው ሲጨምር ቅጣቱም ይጨምራል። ከባሰም ጨርሶ ይታገዳል፤ ከታገደ የነፃ ትምህርቱ ነገርም ያከትማል።

«ስንት ነው የሚያወጣው?» አልኩት ሀቢብን።

«ዘጠኝ መቶ» አለ ሳያስብ። «ያውም ለዘመድ።»

በመጀመሪያ፣ «የእህቴ ልጅ ነው በላቸው፣ ለዘመድ ክልክል አይደለም» አልኩት። ዞሮ አየኝ። «ሀቢብ አሕመድ የሚባል ሰው፣ አንገቱ ላይ ይህን የሚያህል መስቀል ያሰረ የእህት ልጅ። አንተ ሰውዬ ዛሬ ምን በልተሃል?» አለኝ።

«እሺ እሱ ይቅር። ዘጠና ዶላር ነው በላቸው። የሱሪ ሰፊ ነህ፣ ማን ይጠይቅሃል? ዘጠና ካልክ ቅዳሜ ሳምንት ይጫወታል። ዘጠኝ መቶ ካልክ እናቱን ሁለተኛ ሥራዋ ላይ መለስካት።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ፣ «ለልጁ ከሆነ እላለሁ» አለ። እኔም ጉዳዩን የጨረስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በእኔ ኮሮላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን። ከዓብዩ ጋር አስቀድመን እንዳንነጋገር አስጠንቅቀውናል፣ እሱን ጠዋት ለብቻው አነጋግረውታል። የተቀበለችን ሴትዮ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰላምታዋ ጥሩ ነበር። ከወንበሯ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሙሉ ልብሱ ተሰቅሏል፣ እጅጌው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሎበት። የተሰቀለው ደግሞ በሽቦ መስቀያ ነው።

ሀቢብ ሰላምታዋን ሳይመልስ አልፏት ሄደ። ኮቱን ከሽቦው ላይ አወረደ፣ ትከሻውን በመዳፉ አሻሸ፣ ወንበር ጀርባ ላይ አለበሰው። «ይሄን ኮት በሽቦ! ትከሻውን ሊያበላሹት እኮ ነው!» አለኝ። ለሴትዮዋ እንዲህ ብዬ አልተረጎምኩም። ልብሱን ስላየ ደስ አለው አልኳት።

ጠየቀችን። ልጁን ከመቼ ጀምሮ ያውቃል? ማኅበሩ ውስጥ መቼ ገባ? ቡድኑ ውስጥ ልብሱን እንዲሰፋ የጠየቀው ሰው አለ? ለሌላ ልጅስ ሰፍቶ ያውቃል? ሀቢብ ሁሉንም በእውነት መለሰ። ለሌላ ሰፍቶ እንደማያውቅ ሲናገር አንገቱን ደፋ፤ አሜሪካ ውስጥ የሰፋው ሙሉ ልብስ ይኸው አንድ ነው። ስለ ማኅበሩ እኔ ነኝ ሣጥኗን የነካሁት አልኳት፣ ፊቴ እየጋለ። ጻፈችው።

«ለዚህ ልብስ ሰው ቢከፍል ስንት ይከፍላል?» አለች በመጨረሻ።

ሀቢብ እኔን ሳይሆን ኮቱን አየ። «ዘጠና» አለ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«ናይንቲ ዶላርስ» አልኩ ፈጥኜ።

ሴትዮዋ ጻፈች። ቅንድቧ እንኳን ከፍ አላለም። ዘጠና፣ ብላ እንደ ማንኛውም ነገር ጻፈችውና ገጹን ልትገልጥ ሆነ።

«አመነችኝ» አለ ሀቢብ በሹክሹክታ።

«እሰየው።»

«ንጉሴ፣ እንዴት ታምነኛለች?» ጣቱ የኮቱን ኮሌታ ይዟል። «ተመልከተው እስቲ። ይሄን አይቶ ዘጠና የሚያምን ሰው አለ? ዘጠኝ መቶ ነው በላት።»

«በናትህ ሀቢብ፣ ልጁን አስብ።»

«በላት።»

«ምን አለ?» አለች ሴትዮዋ።

«መንገዱ ረጅም ነበር ነው የሚለው» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሀቢብ እንግሊዝኛ የማይሰማ መስሎኝ ነበር። ተነሳ። «ኖ፣ ማዳም። ናይን ሀንድረድ። አይ ላይ። አይ አም ሶሪ።» ከዚያ የኮቱን ገበር ገልብጦ አሳያት። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ሁሉንም ነገራት፤ ሸራው በእጅ መያዙን፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በሐር ክር መሠራታቸውን፣ ልጁ ገና ስለሚሰፋ ኮቱን ወደፊት ለማስፋት ውስጡ ትርፍ ጨርቅ መተዉን። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ታዲያ ለምን ዘጠና አልክ?»

«ልጁ እንዳይጎዳ።»

«አሁንስ?»

ቃል ፈለገ። አጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «የሰፋሁት እኔ ነኝ በላት» አለ። ይህን በትክክል ተረጎምኩ።

«ሁለቱንም እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ ያልከውንም፣ ራስህ ማረምህንም» አለች።

መኪና ውስጥ ገብተን ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ አፌን በቆረጠው፣ «በኮት ኩራት የሰው ልጅ ሸጥክ» አልኩት። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያልኩት፣ ለዚህ ነው እንደዚያ የጮህኩት። ሀቢብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ስልኬን ተቀብሎ ለአሰፋሽ ራሱ ደወለላትና ያለውን አንድ በአንድ ነገራት። እሷ ምንም ሳትል ዘጋችው።

ሦስት ሳምንት ጠፋች። የመጀመሪያው ጨዋታ መጣ፣ ሁለተኛውም መጣ፤ ዓብዩ ሹራብ ለብሶ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ሀቢብ ሁለቱንም ቲኬት መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣቸው። ሱሪ ያሳጥራል፣ ይሰግዳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ብቻ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ዘጠና ብላ ስትጽፍ እጄን የቆረጡት መሰለኝ» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አሰፋሽ በሩ ላይ ቆመች፣ መጦሪያው ውስጥ ከኮምፒውተር ያስወጣችውን ደብዳቤ ይዛ። ልጇ የላከላት ነው። «እንግሊዝኛዬን አላመንኩትም ጋሽ ንጉሴ፣ ያንብቡልኝ» አለች። ሀቢብ የስፌት መኪናውን አቆመ።

አነበብኩ። ዓብዩ ያን ቀን ጠዋት፣ እኛ ሳንደርስ፣ ስለ ልብሱ ዋጋ ተጠይቆ ነበር። «ጋሽ ሀቢብ ሲለካኝ እንዲህ ያለ ልብስ ከዘጠኝ መቶ ዶላር በታች አይሰፋም ብሎኛል» ብሎ መለሰ። ደብዳቤው የሁለቱ ሰዎች ቃል ለየብቻ ተወስዶ አንድ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ተማሪው አራት ጨዋታ ይቀጣል፣ ያለፉት ይቆጠሩለታል። ዘጠኝ መቶውን ለበጎ አድራጎት ይከፍላል። ከዚያ ወደ ቡድኑ ይመለሳል፤ ነፃ ትምህርቱ አልተነካም።

«ሴትዮዋ ኮል አደረገችልኝ» አለች አሰፋሽ። «ያላችሁት ባይገጥም ኖሮ አንዳችሁ ዋሽታችኋል ማለት ነበር፣ ልጁ አለቀለት ነበር አለችኝ። ስጦታ ይቅር ይባላል፣ ውሸት ግን ይቅር አይባልም አለች።»

የእኔ ዘጠና ያ ልጅ ላይ ምን ልታደርግ እንደነበር አሁን ገባኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

አሰፋሽ ሄዳ ሀቢብ ፊት ቆመች። «ጋሽ ሀቢብ፣ ተቀይሜዎት ነበር። ሦስት ሳምንት በልቤ ስረግምዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ» ብላ ወደ ጉልበቱ ስትወርድ ሀቢብ ዘሎ ተነሳ፣ ሜትሩ ከአንገቱ ወደቀ። «ኧረ ተይ! ኧረ አሰፋሽ፣ በአላህ!»

«ዘጠና እንዲል የመከርኩት እኔ ነኝ» አልኩ እኔ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች ሳትዞር። «ጋሽ ሀቢብ ብቻቸውን እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት ያመጣሉ።» ተሳቀብኝ። የሚገባኝ ነበር።

ዘጠኝ መቶውን ዓብዩ ራሱ ከፈለ፣ ክረምቱን ዕቃ ሲያመላልስ ካጠራቀመው። ሥራ ለሚፈልጉ ችግረኞች የቃለ መጠይቅ ልብስ ለሚሰጥ ድርጅት ሰጠው። ማንም አልመከረውም። ይህን ስሰማ ልቤ ሞላ። የእኔ ልጅ አይደለም፣ ግን ለሚሰማኝ ሁሉ አወራሁት።

ሀቢብ የደብዳቤውን ኮፒ ለመነኝ። ምን እንደሚያደርግበት አልገባኝም ነበር። በማግሥቱ ስመጣ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተከቶ ተሰቅሏል።

«የቅጣት ደብዳቤ እኮ ነው» አልኩት። «ደንብ ጣስክ ነው የሚልህ።»

«እስቲ ያቺን መስመር አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። «በባለሙያ በልክ የተሰፋ ሙሉ ልብስ፣ የገበያ ዋጋው ዘጠኝ መቶ ዶላር።»

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመት እዚህ አገር ሲኖር፣ የአሜሪካ ወረቀት ስለ እሱ ሙያ ያለው ነገር ይህ ብቻ ነው። ስንት ሺህ ፎርም ሞልቻለሁ፣ እንደዚያች መስመር ያኮራኝ የለም።

በአምስተኛው ጨዋታ አብረን ሄድን። ዓብዩ ገፋ፣ ሰው ወደቀ፣ ሀቢብ እኔን ገፋ። ከደብዳቤው በኋላ ማኅበሩ ውስጥ የለም፣ ሃምሳ ዶላሩንም አላደሰም፤ ስሙ ግን መዝገባቸው ውስጥ ስላለ ልጁ ተማሪ ሆኖ እስካለ ድረስ ምንም በነፃ ሊሰጠው አይችልም። የኮቱ ቁልፍ የተበጠሰ ጊዜ ዓብዩ ሦስት ዶላር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀበለ። ሀቢብ ያቺን ሦስት ዶላር ሲቀበል ፊቱ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ፊት ነበር። ዓብዩ ግን በሳቅ ሊፈነዳ።

በ2015 ግንቦት ልጁ ተመረቀ። ያው ልብስ ነው የለበሰው፤ ሀቢብ ውስጡ የተወውን ጨርቅ ለቆ አስፍቶለት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሩን በጎኑ አልፎ መጣ። ሄርንደን ውስጥ ሥራ አግኝቷል፣ በመሐንዲስነት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሙሉ ልብስ ያስፈልገኛል። ለኦፊስ» አለ።

ሀቢብ ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ፣ ቀዩን ጨርቅ ፈታ። እኔ ልማዱን ስለማውቅ የሚከተለውን ግብግብ ለማየት ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዓብዩም ተዘጋጅቶ መጥቷል መሰለኝ፣ ቦርሳውን ቀድሞ አውጥቶ ቆመ።

«ስንት ነው ጋሼ?»

ሀቢብ ግብግብ አልገጠመም። በርጩማው ላይ ወጣ፣ ሜትሩን የልጁ ትከሻ ላይ ዘረጋ፣ መቀሱን ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«እዚያ ላይ ተጽፏል» አለው።